ኦክታቭ ላይ የስፓርስ ማትሪክስ ችግር

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ላፕቶፔ 4 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ነው፤ ባትሪውም ሞቷል። የብሎኬት ግድግዳ ውስጥ ሙቀት እንዴት እንደሚያልፍ በኦክታቭ (የሂሳብ ማስሊያ ፕሮግራም) እያሰላሁ ነው። ግሪዱ 150 በ150 ነው፤ 22,500 ነጥብ ማለት ነው። ሙሉው ማትሪክስ (እያንዳንዱን ነጥብ ከሁሉም ነጥቦች ጋር የሚያገናኘው የቁጥር ሰንጠረዥ) ብቻውን 4 ጊጋ ስለሚፈልግ ሜሞሪ አልበቃ ብሎ ይቆማል። ስፓርስ አድርጌ (ዜሮ ያልሆኑትን ቁጥሮች ብቻ እንዲይዝ) በሉፕ አንድ በአንድ ስሞላው ደግሞ ሳይጨርስ መብራት ይሄዳል። (የዳር ሰፈር መብራት መቼም ታውቁታላችሁ።)

ከዚያ አምስቱን ዲያጎናል (የእያንዳንዱን ነጥብና የአራት ጎረቤቶቹን ቁጥሮች የያዙትን ሰያፍ መስመሮች) በኤስፒዲያግስ፣ ማለትም ዲያጎናሎችን በአንዴ በሚሞላው የኦክታቭ ትዕዛዝ፣ አስገባሁ። ወዲያው አለቀ። ግን የአንዱ ረድፍ የመጨረሻ ነጥብ ከቀጣዩ ረድፍ የመጀመሪያ ነጥብ ጋር ተያያዘ። የውጭው ሙቀት መሀሉን ዘሎ ውስጠኛው ፊት ላይ ብቅ ይላል! ወደ ሉፕ ሳልመለስ፣ እነዚህን የረድፍ ዳር ቁጥሮች ብቻ እንዴት ዜሮ ላድርጋቸው?