ክርክር፦ «በዋስ ተፈታ» የሚለው አባባል ያሳስታል?

ጠያቂው፦ ሰው በዋስ ሲወጣ አንዱ «ነጻ ወጣ» ይላል፣ ሌላው «ከፍሎ ወጣ»። የትኛው ነው ልክ?

ነጋዴዋ፦ ሁለቱም ጉድ ይሠራሉ። የአጎቴ ልጅ በዋስ የወጣ ቀን ዘመድ ተሰበሰበ፣ «እንኳን ለዚህ አበቃህ» ተባለ። እሱም ጉዳዩ ያለቀ መሰለው። የቀጠሮዋን ወረቀት ኮት ኪሱ ውስጥ ረስቷት ቀረ። በቀጠሮው ባለመገኘቱ እናቱ ያስያዘችው ገንዘብ ለመንግሥት ገቢ ሆነ፣ እሱም ተመልሶ ታሰረ። «ተፈታ» የምትለው ቃል ናት ያሳሳተችው።

የሕግ ተማሪ፦ እህቴ፣ በጣም ያሳዝናል። ግን ቃሉ የሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 6 «በዋስ የመፈታት መብት» ይላል። ሰውየው የተፈታው ከእስር ነው፣ ከክስ አይደለም። ከምን እንደተፈታ ማንም አልነገረውም እንጂ ቃሉ ምን አጠፋ?

ነጋዴዋ፦ ተራው ሰው ይህን በምን ያውቃል? «በዋስ ወጣ» ቢባል ይሻላል።

ጠበቃው፦ እኔን የሚያንገበግበኝ «ከፍሎ ወጣ» የሚለው ነው። ገንዘቡ ማስያዣ እንጂ ዋጋ አይደለም። ቀጠሮውን ያከበረ ሰው ጉዳዩ ሲያልቅ ይመለስለታል፤ ደረሰኙን እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁ! ድሮም በችሎት «ዋስ ጥራ» ሲባል የሚጠራው ሰው ነበር። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 67 ዋስትና የሚያስከለክሉ ምክንያቶችን ሲያስቀምጥ ድህነትን አልጠቀሰም። የጠቀሰው ተከሳሹ ግዴታውን የማያከብር፣ ሌላ ወንጀል የሚፈጽም፣ ወይም ምስክር የሚያባብልና ማስረጃ የሚያጠፋ ከመሰለ ነው።

የቀን ሠራተኛ፦ ጋሼ፣ ይሄ በወረቀት ነው። እኔ 50 ሺህ ብር አስይዝ ብባል ከየት አመጣለሁ? መብቴ ተከበረልኝ ተብሎ እዚያው አድራለሁ። ለእኔ ዋጋ ነው።

ጠበቃው፦ እውነትህን ነው ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አልከራከርህም። ግን ያው ሕግ አንቀጽ 69 ላይ መጠኑ ሲወሰን የተከሳሹና የዋሶቹ አቅም እንዲታይ አዟል። ብዙ ሰው ችሎት ፊት ዝም ይላል። ገቢህን ተናገር፣ የምታስተዳድራቸውን ልጆች ቁጥር ተናገር፣ ማስረጃ ካለህ አያይዝ።

የቀን ሠራተኛ፦ የቀን ሠራተኛ ምን የደመወዝ ማስረጃ አለው ጋሼ?