ለላሊበላ የእግር ጉዞ የትኛውን ሻንጣ ልግዛ?

የደሴዋ መምህርት

እንደምን ከረማችሁ ወገኖቼ። የምኖረው ደሴ ነው፤ ዕድሜዬ 46። ዘንድሮ ለገና ላሊበላን በእግሬ ልሳለም ስለት አለብኝ። ከአራት የሰፈር ሰዎች ጋር ነን። በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ አድርገን ወልድያ እንገባለን። ከዚያ ድልብን ወጥተን በኩልመስክ በኩል ወደ ላስታ ለመሻገር አስበናል።

የቸገረኝ ሻንጣው ነው። አምና ግሸን ስሄድ የልጄን የትምህርት ቤት ቦርሳ ይዤ ነበር። በሁለተኛው ቀን ትከሻዬ ቆሰለና ነጠላዬን አጣጥፌ ከማንገቻው ሥር ወተፍኩት። በሦስተኛው ቀን አንድ ወጣት አዝኖልኝ ተቀበለኝ። እግዜር ይስጠው። ግን ስለቱ የኔ ሆኖ ሸክሙን ሌላ ሰው ሲሸከምልኝ አንጀቴ ነው ያረረው።

አሁን ሰልባጅ ተራ ሁለት ሻንጣ አይቻለሁ። አንዱ 65 ሊትር ይላል፤ ወፍራም የወገብ ቀበቶ አለው። ሌላው 35 ሊትር ነው፤ ቀበቶው ቀጠን ይላል። ሻጩ "ትልቁን ይውሰዱ፣ ሁሉን ይችላል" አለኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ56 ነው፤ ክብደቴ 61 ኪሎ። የትኛውን ልውሰድ?

እናት ኮምቦልቻ

አብሽሪ እህቴ። ትልቁን እንዳትነኪው። ቦታ ያለው ሻንጣ ካልሞላ ደስ አይልም፤ ሳታስቢው ትሞይዋለሽ። እኔ እናቴን ይዤ ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ የሄድኩ ጊዜ ትልቅ ሻንጣ ነበር የያዝኩት። ሦስት ቅያሪ ልብስ ሳልፈታው ተሸክሜው ተመለስኩ። ስትደርሺ እኛንም በዱዓሽ አስቢን።

ቦርሳ ሰፊው፣ ወልድያ

እትዬ መምህርት፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔ ወልድያ ቦርሳና ሻንጣ በመስፋት ነው የምተዳደረው፤ 19 ዓመት ሆነኝ። ታኅሣሥ ሲጋመስ ማንገቻ የተበጠሰበት እግረኛ ሁሉ እኔ ደጅ ይቆማል። እኔም ስድስት ጊዜ በእግሬ ሄጃለሁ።

ቁመትዎን ለጊዜው ይርሱት። የሚለካው ጀርባ ነው። ረጅም ሆኖ ጀርባው አጭር የሆነ ሰው ሞልቷል። አንገትዎን ደፋ ሲያደርጉ ከኋላ ጉብ የምትል አጥንት አለች። ልጅዎ የሲባጎ ጫፍ እዚያ ላይ ትያዝልዎ። እርስዎ ደግሞ ሁለት እጅዎን የዳሌዎ አጥንት አናት ላይ ያሳርፉ፤ አውራ ጣትዎ ወደ ኋላ ይዙር። ሲባጎው የጀርባ አጥንትዎን ተከትሎ በሁለቱ አውራ ጣቶች ትይዩ እስኪደርስ ይውረድ። እዚያ ጋ ይቋጥሩት። ያቺን ሲባጎ ይዘው ገበያ ይሂዱ። ማንገቻው ከተሰፋበት እስከ ወገብ ቀበቶው መሃል ሻንጣው ላይ ይዘርጓት። ከገጠመች ይግዙት። ሻንጣው በአራት ጣት ያህል ከረዘመ ቀበቶው መቀመጫዎ ላይ ይወርዳል፤ ክብደቱም ተመልሶ ትከሻዎ ላይ ይንጠለጠላል። 65 ሊትሩን የምፈራልዎ ለዚህ ነው።

አምና ያቆሰለዎት የቀበቶ አለመኖር ነው። ሸክም የሚችለው ዳሌ ነው እንጂ ትከሻ አይደለም። እናቶቻችን እንስራ ሲያዝሉ አይተዋል። እንስራው የሚያርፈው ታች ወገብ ላይ ነው፤ ገመዱ እንዳይወድቅ ይይዘዋል። ሻንጣም እንደዚያ ነው። ቀበቶው ሆድ ላይ ሳይሆን የዳሌውን አጥንት አቅፎ ይታሰር። ሲያዝሉት መጀመሪያ ማንገቻውን በሙሉ ያላሉት። ቀጥሎ ቀበቶውን ጥብቅ አድርገው ይሰሩ። ማንገቻው የሚሳበው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ትከሻን ነካ እስኪያደርግ ብቻ። ብዙ ሰው ከማንገቻው ይጀምርና ቀኑን ሙሉ ትከሻው ሲጫነው ይውላል።

ደግሞ ባዶውን አይሞክሩት። ባዶ ሻንጣ የማይመቸው ሰው የለም። ከቤትዎ 6 ኪሎ ጤፍ በፌስታል ይዘው ይሂዱና ከተው ግማሽ ሰዓት ይዙሩበት። ዳገት ካገኙ ዳገት ይውጡበት።

6 ኪሎ ያልኩት በምክንያት ነው። ስፔን ውስጥ ወደ ሳንቲያጎ በእግራቸው የሚሄዱ ተሳላሚዎች ሸክማቸው ከሰውነታቸው ክብደት አንድ አስረኛ እንዳይበልጥ ይመክራሉ። በእርስዎ ክብደት 6 ኪሎ መሆኑ ነው፤ ሻንጣው ራሱ እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። እኔ ጋቢዬን ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጬው 1 ኪሎ ከ800 ሆኗል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። እነዚህ ሁለቱ ብቻ ግማሽ ሊሞሉ ምንም አይቀራቸውም። ቢሆንም ጋቢውን እንዳይተዉት። መርሳ ላይ ሙቀቱ ያስመርርዎትና ለዘመድ ላኪው ላኪው ያሰኝዎታል። ድልብን ሲወጡ ግን የታኅሣሥ ውርጭ ይጠብቅዎታል። የሚቀነሰው ልብስ ነው፤ አንድ ቅያሪ ይበቃል። በሶም አንድ ኪሎ ይበቃል። የነቢያት ጾም ስለሆነ በየመንደሩ የጾም ምግብ አይጠፋም።

አጫጫኑን አንቀልባ ያስተምርዎታል። የታዘለ ልጅ ከጀርባ ሲጣበቅ ይቀላል፤ ላላ ካለ ወደ ኋላ ይጎትታል። ውሃውንና በሶውን ከጀርባዎ አስጠግተው መሃል ላይ ያድርጉ። ጋቢው ከታች ይግባ። ሁሉንም ጠንካራ ፌስታል ውስጥ ከተው ይክተቱት፤ ሻንጣው ውሃ አያስገባም ቢሉዎት እንኳ በስፌቱ በኩል ያስገባል።

ሰልባጅ ስለሆነ ሦስት ነገር ይዩልኝ። ማንገቻው ከላይ የተሰፋበትን ቦታ በሁለት እጅዎ ወጠር ያድርጉት፤ ክሩ እንደ ጥርስ ብቅ ብቅ ካለ ድልብ ላይ ይበጠሳል። የቀበቶውን ስፖንጅ በአውራ ጣትዎ ይጫኑት፤ ጎድጉዶ ከቀረ አርጅቷል። ውስጡን በእጅዎ ይዳብሱት፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ከረገፈ ይተዉት፤ እሱን እኔም አልጠግነውም።

የደሴዋ መምህርት

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሲባጎው 43 ሴንቲ ሆነ። የትልቁ ሻንጣ 51፣ የትንሹ 44። ጤፌን ይዤ ሄድኩ። ሻጩ መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ኋላ ራሱ ጎንበስ ብሎ ቀበቶውን አስተካከለልኝ። ትንሹን ገዛሁት።

ቅዳሜ በጠዋት ጤፉን እንደተሸከምኩ ጦሳን ወጣሁ። ትከሻዬ ምንም አላለኝም። ቤት ስገባ ግን ግራ ዳሌዬ ቀልቷል። የመቀነቴ ቋጠሮ ከቀበቶው ሥር ገብቶ ኖሯል። የደረቱ ማሰሪያ መቆለፊያም ተሰብሯል፤ ስገዛው አላስተዋልኩም። ወልድያ ስንደርስ ይጠግኑልኛል?

ቦርሳ ሰፊው፣ ወልድያ

መቀነቱን ከቀበቶው ከፍ አድርገው ይታጠቁት፤ ቋጠሮው ወደ ፊት ይዙር። መቆለፊያው እኔ ጋ አለ፤ ከተሳላሚ ሳንቲም አልቀበልም። ግን ከደሴ እኔ ጋ 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ እስከዚያ ማንገቻው ወደ ጎን እየተንሸራተተ ያስቸግርዎታል። ለጊዜው ሁለቱን ማንገቻዎች በጫማ ክር ያያይዟቸው፤ ከብብትዎ ትይዩ፣ ትንፋሽ በማያሳጥር ልክ። ሲደርሱ መነኻሪያው አካባቢ ቦርሳ ሰፊው ብለው ይጠይቁ።