ግድግዳ ላይ ያገኘናትን ዘላይ ሸረሪት በምን እንለያት?

እሁድ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ የግቢው ግንብ ላይ ሽምብራ የምታክል ግራጫ ሸረሪት አየሁ። ጣቴን ሳስጠጋ አልሸሸችም፤ ዞር ብላ አየችኝ። እናቴ ከበረንዳ «ተይ፣ ትሸናብሻለች!» አለች። እኔ ስልኬን ላመጣ ሮጥኩ።

ዘላይ ሸረሪት ናት። ዝንብ የምትይዘው ዘላ እንጂ በድር አጥምዳ አይደለም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እሷን አይመለከትም። ፊት ለፊት አራት ዓይን አላት፤ የመሃለኞቹ ሁለቱ እንደ መኪና መብራት ይጎላሉ። ይህን ካያችሁ ቤተሰቡን አወቃችሁ። ጣጣው ያለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቤተሰቡ ከ6,000 በላይ ዝርያ አለው።

መጀመሪያ የሞከርኩት ከፎቶ ስም የሚለይ አፕ (ስሙ ይቅር) ያለ ምንም ማመንታት የአንድ አሜሪካዊ ሸረሪት ስም ሰጠኝ። ገብቼ ሳነብ ያ ዝርያ አፍሪካ ውስጥ የለም። ፎቶ ከፎቶ ብቻ የሚያመሳስል ነገር እንዲህ ያደርጋል።

ሲክ (Seek) የሚባለው አፕ ይሻላል። ነፃ ነው፣ አካውንት አይጠይቅም፣ ለልጆችም ይሆናል። የወደድኩለት እርግጠኛ ካልሆነ «ዘላይ ሸረሪት» ብሎ መቆሙን ነው።

የኔ ምርጫ ግን አይናቹራሊስት (iNaturalist) የሚባለው አፕ ነው። እሱም ነፃ ነው፤ አካውንት ግን ያስፈልገዋል። አፑ መጀመሪያ ይገምታል፣ ቀጥሎ ሸረሪት የሚያውቁ ሰዎች አይተው ያርማሉ። ቦታና ቀን መዝግቡ፤ ስም ለመለየት በጣም ይረዳል። ቤታችሁ ከሆነ ትክክለኛው ቦታ እንዳይታይ ማድረግ ትችላላችሁ። እኔ ሦስት ፎቶ ጫንኩ። በሁለተኛው ቀን አንድ ሰው «ሜኔሜረስ ትመስላለች» ብሎ ጻፈልኝ። ሜኔሜረስ የወገን ስም ነው፤ ወገን ማለት የሚቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ ነው። ጠፍጣፋ፣ ግራጫ ጸጉር ያላት፣ ግድግዳ የምትወድ፤ ልክ የኔዋ። ሜኔሜረስ ቢቪታተስ የምትባለው የአፍሪካ ተወላጅ ናት፤ ዛሬ ሞቃት አገሮችን ሁሉ አዳርሳለች። ጥቁር ሆና ነጭ መስመር በጀርባዋ የሚወርድ ካገኛችሁ ግን ፕሌክሲፐስ ፓይኩሊ የሚባለውን ሌላ ዘላይ ሸረሪት፣ ወንዱን፣ ጠርጥሩ።

እስከ ዝርያ ድረስ በእርግጠኝነት ለመናገር ብዙ ጊዜ የመራቢያ አካሏን በማይክሮስኮፕ ማየት ይጠይቃል። ስለዚህ የወገኑን ስም ብቻ ብታገኙ አትከፉ። ከፎቶ ብቻ «መቶ በመቶ ይህች ናት» የሚላችሁን ነው መጠራጠር።

አሁን ወደ ፎቶው። ሦስት ያስፈልጋል፦ ፊቷ፣ ጀርባዋ፣ ጎኗ። አጠገቧ ሳንቲም ብታስቀምጡ መጠኗ ይታወቃል። በባዶ ስልክ ብዥ ይላል። ሁለት መፍትሔ ሞክሬአለሁ። አንዱ ሰዓት ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚሰኳት አጉሊ መነጽር ናት። ካሜራው ፊት ስትያዝ በደንብ ታጎላለች፤ ግን አንድ እጃችሁ እሷን ብቻ ይዞ ይቀራል፣ ሸረሪቷም አትጠብቅም። ሁለተኛው እንደ ልብስ መቆንጠጫ ስልኩን የሚነክስ ማክሮ ሌንስ (ትንሽ ነገር ከቅርብ የሚያጎላ) ነው፤ የስልክ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጠይቁ። እኔ በዚህ ነው ዓይኖቿን ያገኘሁት። ሁለት ሦስት ጣት ያህል መጠጋት አለባችሁ፤ ጥላችሁ ካረፈባት ግን ትዘላለች።

ከመግዛታችሁ በፊት እዚያው ሱቅ ስልካችሁ ላይ ሞክሩት። የኔ ከወፍራም ከቨር ጋር አልገጥም ብሎ በየጊዜው ከቨሩን ማውለቅ ሥራ ሆኖብኛል።