ለታራንቱላ ውሃ በምን ይሰጣል? ስፖንጅስ የግድ ነው?

ባለ8እግር፦
ሰላም ሰዎች፣ እስኪ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሁለት ታራንቱላ (ትልልቅ ጸጉራም ሸረሪቶች) አሉኝ፣ አንዷ ቺሊያን ሮዝ የሚባለው ዝርያ ናት፣ ትልቅ ናት፣ ሌላዋ ገና ሕፃን ናት ከነእግሯ 2 ሳንቲሜትር ብትሞላ ነው። ለትልቋ ድንጋይ የሚመስል የውሃ ሳህን ገዛሁላት፣ የሸጠልኝ ሰው ስፖንጅ ካላስገባህበት ሰምጣ ትሞታለች አለኝ፣ ሳነብ ደግሞ ግማሹ ሰው ስፖንጅ አድርግ ይላል ግማሹ በጭራሽ ይላል፣ ግራ ገባኝ። ደሞ ሳህኑን አጥቤ ባስገባሁ በነጋታው አፈር ሞልታበት አገኘዋለሁ፣ ውሃ ጠልታ ነው ወይስ ምንድነው ነገሩ? ለትንሿስ ምን ላድርግላት?

ድርቢያብር፦
ስፖንጁን አውጥተህ ጣለው ወንድሜ። ታራንቱላ ስትጠጣ አይተህ ከሆነ ፊቷን ዝቅ አድርጋ አፏን ውሃው ውስጥ ነክራ ነው የምትመጠው፣ ስለዚህ ክፍት ውሃ ነው የሚመቻት፣ ስፖንጅ የምግብ ትርፍራፊና ኩስ እየሰበሰበ ባክቴሪያ ከማራባት ሌላ ጥቅም የለውም ሽታውም አይጣል ነው። በውሃ ፈንታ የሚደረገው ጄል ምናምን የሚሉትም ያው ነው። ሰምጣ ትሞታለች የሚባለው በጣም የተጋነነ ነገር ነው፣ መተንፈሻዋ ፊቷ ላይ አይደለም፣ ሆዷ ስር ነው፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረቡ 4 ሳንባዎች አሏት፣ ጸጉሯም ውሃ ስለሚገፋ አየር ይይዝላታል። ትልቅ ከሆነች የፈለገችው ሳህን ይሆናታል፣ ዋናው ሰፋ ያለ፣ የማይገለበጥና ለማጠብ የሚቀል መሆኑ ነው። እነዚያ ድንጋይ የሚመስሉት ያምራሉ ግን ስንጥቃቸው ውስጥ ቆሻሻ ይገባና በብሩሽ ካልሆነ አይለቅም፣ እኔ ለስላሳ ሴራሚክ ወይም ብርጭቆ ነው የምመርጠው። ጠርዙ ስለት ያለው እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቅ፣ መሬት ላይ የሚኖሩት ከባድ ስለሆኑ መስታወቱን ወጥተው ሲወድቁ ሆዳቸው ሊፈነዳ ይችላል።

ጠጠር፦
በስፖንጁ እስማማለሁ፣ ግን ትንሽ ጠጠር ጣል ማድረግ አይከፋም ባይ ነኝ። ለሷ ሳይሆን እንድትበላው ለምናስገባላት ፌንጣ ነው፣ ፌንጣ ውሃ ውስጥ ገብቶ ከሞተ በአንድ ቀን ነው ውሃው የሚበላሸው።

ድርቢያብር፦
@ጠጠር ያልተበላ ፌንጣ መጀመሪያውኑ እዛ ማደር የለበትም በወረንጦ ይወጣል፣ በተለይ ቆዳ ልትቀይር ስትል። ያኔ ለስላሳ ስለምትሆን ፌንጣው ራሱ ሊበላት ይችላል። ጠጠሩን ከወደድከው ግን ሳህኑን ባጠብክ ቁጥር አብረህ እጠበው።

የዛፏ፦
እህ ስለ ትንሿ ማንም አልመለሰልህም እኮ 😄 ለሷ የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን በቂ ነው፣ ሳጥኗ ለክዳንም የሚጠብ ከሆነ ግድግዳውና ድሩ ላይ ጠብታ አድርግላት ከዛው ትጠጣለች፣ እሷ ላይ ግን አትርጭ። ሕፃኖቹ ቶሎ ስለሚደርቁ አፈሩን በአንድ በኩል ትንሽ እርጥብ አድርገው፣ አየር መግቢያውን ግን አትዝጋ፣ እርጥበትና የታፈነ አየር ከተገናኙ ሻጋታ ነው። የኔዎቹ አቪኩላሪያ የሚባሉት የዛፍ ታራንቱላዎች ናቸው፣ ላይ ላዩን ነው የሚኖሩት፣ ሳህናቸውን ከፍ አድርጌ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። ያንተዎቹ ግን መሬት ላይ ይሁንላቸው።

ባለ8እግር፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ሳህኑ ላይ አፈር የምትሞላውስ ለምንድነው? ደሞ አንዱ ቺሊያን ሮዝ የደረቅ አገር ስለሆነች ሳህን ሁሌ አያስፈልጋትም ብሎኝ ነበር፣ እውነት ነው?

ድርቢያብር፦
ኧረ አትስማው። የደረቅ አገር ናት ማለት አፈሯ ደረቅ ይሁን ማለት ነው እንጂ አትጠጣም ማለት አይደለም። እሷ ወራት ሙሉ ሳትበላ ልትቆይ ትችላለች፣ ያኔም ቢሆን ውሃው እንዳይጠፋ። እግሯን የምትዘረጋው በሰውነቷ ፈሳሽ ግፊት ስለሆነ ውሃ ሲያንሳት ሆዷ ይጨማደዳል እግሮቿም ወደ ስር ይታጠፋሉ፣ እንደዛ ካየሃት ሳትውል ሳታድር ፊቷን ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ አድርገህ አስቀምጣት፣ ሆዷ ግን ከውሃው ውጭ ይሁን። አፈሩን የምትሞላው ጠልታው አይደለም፣ ስትቆፍር ያወጣችውን የምትደፋበት ቦታ ሆኖባት ነው። ሳህኑን ከጉድጓዷ ራቅ ወዳለው ጥግ ውሰደው፣ ጠርዙንም ከአፈሩ ከፍ አድርገው፣ አፈር ወይም ድር ጠርዙን አልፎ ውሃውን ከነካ ቀስ እያለ ይመጠውና ሳህኑ ባዶ ሆኖ ታገኘዋለህ።

የዛፏ፦
አንዳንዷ የትም ብትወስደው መሙላቷን አትተውም ግን፣ እንደዛ ከሆነች ሁለት ክዳን አስገባላት አንዱ ቢሞላ ሌላው ይተርፋል።