አሥራ አራት ገጽ ውል፣ አንድ ኮንቴይነር በርበሬ

ጠያቂ (ቡሬ)

ቡሬ ላይ በርበሬ አሰባስቦ የሚያቀርብ አነስተኛ የቤተሰብ ድርጅት አለን። እስካሁን የምንሸጠው ለአዲስ አበባ ላኪዎች ነበር፤ ዘንድሮ የላኪነት ፈቃድ አውጥተን አንድ ኮንቴይነር ዛላ በርበሬ በቀጥታ ለአንድ የጀርመን ገዥ ለመላክ ተነጋግረናል። በዋጋው አልተቸገርንም። ያስቸገረን የላከልን ውል ነው። አሥራ አራት ገጽ ሲሆን ዋጋው የሰፈረው በግማሽ ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ የቀረው እኛ በምን በምን እንደምንጠየቅ ይዘረዝራል።

ያሳሰቡን አንቀጾች እነዚህ ናቸው። ውሉ በእንግሊዝ ሕግ እንደሚገዛና ክርክር ቢነሣ ለንደን ላይ በግልግል ዳኝነት እንደሚታይ ይናገራል። ዕቃው ጅቡቲ መርከብ ላይ እስኪጫን ድረስ ኃላፊነቱ የእኛ ነው፤ በዘገየንበት በእያንዳንዱ ሳምንት ከዋጋው ሁለት በመቶ ይቀነሳል፤ ጣሪያም አልተበጀለትም። ሻጩ «የአውሮፓ ኅብረትን ሕጎች በሙሉ፣ አሁን ያሉትንም ወደፊት የሚወጡትንም» እንደሚያከብር ያስፈርመናል። በመጨረሻም ከአቅም በላይ ስለሆነ ምክንያት አንድ መስመር ብቻ ያለ ሲሆን፣ ምክንያቱ «አስቀድሞ ሊገመት የማይችል» መሆን አለበት ይላል። ከቡሬ እስከ ደጀን ያለው መንገድ በየትኛው ሳምንት እንደሚዘጋ ማንም አይገምትም፤ ሊዘጋ እንደሚችል ግን ሁላችንም እናውቃለን። ታዲያ ይህ ቃል ይጠብቀናል ወይስ ያጋልጠናል?

ጠበቃ (ባሕር ዳር)

እህቴ፣ መጨረሻ ላይ ያነሡት ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ ስለሚከብድ ከእርሱ ልጀምር። እንደ እኔ አስተያየት ያጋልጣችኋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1792 ባለዕዳው በተለመደው ሁኔታ አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውንና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፈጽሞ የሚያግደውን ነገር ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ይለዋል፤ ሊታሰብ የሚችል ከነበረ ወይም ሥራውን ከማክበድና ወጪውን ከመጨመር ያላለፈ እንደሆነ ግን አይቀበለውም። አንዳንድ ባልደረቦቼ ቁጥር 1793 የመንግሥት ክልከላንና የእርስ በርስ ጦርነትን በምሳሌነት ስለሚጠቅስ ብቻ ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። አላለቀም። ጎጃም ውስጥ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የኖረ ሰው ዛሬ ውል ፈርሞ ነገ «መንገድ ይዘጋል ብዬ አላሰብኩም» ቢል ተከራካሪው መጀመሪያ የሚያነሣው ይህንኑ ነው።

ከዚህም በላይ የእናንተ ውል በእንግሊዝ ሕግ የሚገዛ በመሆኑ ቁጥር 1792ን ለመጥቀስ እንኳ ዕድል አይኖራችሁም። የእንግሊዝ ሕግ እንደ እኛ ሕግ ሁሉንም ውል የሚጠብቅ አጠቃላይ የአቅም በላይ ድንጋጌ የለውም፤ ውሉ ከንቱ ሆነ የሚባልበት በር አለ፣ ግን እጅግ ጠባብ ነው። በተግባር የሚያድናችሁ በውሉ ውስጥ የተጻፈው ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ «ሊገመት የማይችል» የሚለው ይውጣና በምትኩ እንዲህ ዓይነት ቃል ይግባ፦ «ከቡሬ እስከ መረከቢያው ቦታ ያለው መንገድ መዘጋት፣ የኢንተርኔት ወይም የባንክ አገልግሎት መቋረጥ፣ የመንግሥት የእንቅስቃሴ ገደብ፣ ውሉ ሲፈረም የሚታወቅ ሁኔታ ቢሆንም እንኳ፣ የመላኪያ ጊዜውን በዚያው ልክ ያራዝማል፤ ቅጣትም አያስከትልም።» «የሚታወቅ ቢሆንም እንኳ» የሚሉትን ቃላት በምንም ዋጋ አይልቀቁ። መዘጋቱን በምን እንደምታስረዱና በስንት ቀን ውስጥ እንደምታሳውቁም ጨምሩበት፤ ኢንተርኔት በጠፋ ቀን በኢሜይል አሳውቁ የሚል ውል ቀልድ ነው።

የለንደኑን ግልግል በተመለከተ ብዙ ሰው የሚፈራው በተሳሳተ ምክንያት ነው። የውጭ ፍርድ ቤት ውሳኔ እኛ ዘንድ እንዲፈጸም የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በቁጥር 458 የዚያ አገር ፍርድ ቤቶችም የእኛን ፍርድ የሚያስፈጽሙ መሆኑን ይጠይቃል፤ ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም። ባሕር ዳር ላይ ያሸነፋችሁትን ፍርድ ይዛችሁ ጀርመን ብትሄዱም መንገዱ አልጋ በአልጋ አይሆንላችሁም። የግልግል ውሳኔ ግን ከዚህ የተለየ ነው። አገራችን በ1958 እ.ኤ.አ. የተደረገውን፣ በአንድ አገር የተሰጠ የግልግል ውሳኔ በሌላው አገር እንዲፈጸም የሚያስችለውን የኒውዮርክ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 አጽድቃለች፤ ጀርመንም አባል ናት። ገዥው ገንዘባችሁን ቢያስቀር እናንተንም የሚጠቅማችሁ ይኸው ነው። የሚያስፈራው የለንደን ወጪ ነው፤ ለአንድ ኮንቴይነር ሦስት ዳኛ መሰየም ከዕቃው በላይ ሊያስከፍል ይችላል። አንድ ዳኛ ብቻ፣ ክርክሩም በጽሑፍ፣ የግድ ካስፈለገ በቪዲዮ ይሁን ብላችሁ ጠይቁ። ይህን የሚከለክል ገዥ እምብዛም አላጋጠመኝም።

የመዘግየት ቅጣቱ ጣሪያ ይኑረው። «ወደፊት የሚወጡ ሕጎች በሙሉ» የሚለውን ግን ፈጽሞ አትፈርሙ፤ ደንቦቹ በስማቸውና በቁጥራቸው ተዘርዝረው፣ ከፊርማው በኋላ የሚመጣ ለውጥ የሚያስከትለው ወጪ በድርድር ይወሰን። አንድ ምሳሌ ልጨምር፦ በርበሬ የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ደንብ (ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የተመረተ ዕቃ ወደ ኅብረቱ ገበያ እንዳይገባ የሚከለክለው) ከሚመለከታቸው ምርቶች ውስጥ የለም፤ አኩሪ አተርና ቡና ግን አሉበት። ነገ አኩሪ አተር ልጨምር ብትሉ የእያንዳንዱን ማሳ መገኛ በካርታ ነጥብ ማቅረብ ይጠበቅባችኋል፣ ማሳው ከ4 ሄክታር ከበለጠም ዙሪያ ወሰኑን ጭምር። የደንቡ ተግባራዊነት ደግሞ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። እንዲህ የሚዋዥቅን ነገር በጅምላ «አከብራለሁ» ብሎ መፈረም ባዶ ወረቀት ላይ ከመፈረም አይለይም።

ላኪ (ደብረ ማርቆስ)

ጠበቃው ስለ ወረቀቱ በሚገባ ተናግረዋል፤ እኔ ስለ በርበሬው ልናገር፣ ምክንያቱም እኔን የጣለኝ ወረቀቱ አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የላክሁት ኮንቴይነር አውሮፓ ወደብ ላይ በአፍላቶክሲን፣ ማለትም ሻጋታ በሚያመነጨው መርዝ፣ ምክንያት ተመልሷል። እዚህ ያስመረመርኩት ናሙና አልፎ ነበር። የጭነቱ፣ የመጋዘኑና የመመለሻው ወጪ በሙሉ በእኔ ላይ ወደቀ፤ ውሌ የመጨረሻው ምርመራ የት እንደሚደረግ ስላልተናገረ ገዥው የእርሱን ምርመራ የመጨረሻ አደረገው።

የኅብረቱ ደንብ ቁጥር 2023/915 ለደረቅ በርበሬ የሚፈቅደው የአፍላቶክሲን ቢ1 መጠን በኪሎ ግራም 5 ማይክሮ ግራም፣ ጠቅላላው አፍላቶክሲን 10፣ ሌላው የሻጋታ መርዝ ኦክራቶክሲን ኤ ደግሞ 20 ነው። ሻጋታው በጭነቱ ውስጥ እኩል አይሰራጭም፤ አንዱ ማዳበሪያ ንጹሕ ሆኖ አጠገቡ ያለው ከልክ በላይ ሊሆን ይችላል። በዚህ የተነሣ ናሙናው እንዴት ተወሰደ የሚለው ጥያቄ ከውጤቱ አያንስም። ገለልተኛ ተቆጣጣሪ ጭነቱ ሲታሸግ ከብዙ ማዳበሪያዎች ናሙና ይውሰድ፣ ለሦስት ከፍሎ ያትመው፣ ምርመራውም ዕውቅና ባለው ላቦራቶሪ ይደረግ። ከእኛ አገር የሚሄዱ ቅመሞች ተጨማሪ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዝርዝር ውስጥ የገቡ ናቸውና፣ ዝርዝሩም በየጊዜው ስለሚከለስ ከመጫንዎ በፊት የወቅቱን ዝርዝር ገዥዎ በጽሑፍ ይላክልዎ።

ደግሞም ከገበሬው ደጃፍ ጀምረው ይከታተሉ። ዛላው መሬት ላይ ተሰጥቶ ሲያድር ጤዛ ይጠጣል። ይባስ ብሎ ሲታሸግ እንዳይሰባበር፣ እውነቱን ለመናገር ሚዛንም እንዲያነሣ፣ ውኃ ይረጩበታል። እኔ ዘንድ የተገኘው ይኸው ነበር፤ ከማዳበሪያው መሐል ያወጣሁት ዛላ በጣቴ ሳጥፈው ሳይሰበር እንደ ቆዳ ይታጠፍ ነበር፣ ስከፍተውም ፍሬው ላይ ግራጫ ብናኝ ነበረበት። አሁን ሸራ እያደልሁ በሸራ ላይ ያልደረቀ አልረከብም።

የባንክ ሠራተኛ (ፍኖተ ሰላም)

በክፍያው በኩል ለመጀመሪያ ጊዜ ከማያውቁት ገዥ ጋር ሲሠሩ ሌተር ኦፍ ክሬዲት (ሰነዱ ተሟልቶ ሲቀርብ ባንክ እንደሚከፍል የሚገባው ዋስትና) ቢጠይቁ ይሻላል፤ ነገር ግን ባንክ የሚያየው ሰነድ እንጂ በርበሬ አይደለም። ባንኮች ለሌተር ኦፍ ክሬዲት በሚከተሉት ዓለም አቀፍ ደንብ፣ በዩሲፒ 600 መሠረት ሰነዱ ከተጫነበት ቀን አንሥቶ ቢበዛ በ21 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ባንኩም በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ መርምሮ ይወስናል። የድርጅታችሁ ስም በአንዱ ሰርተፊኬት ላይ በአንድ ፊደል ቢለያይ ክፍያው ይንጠለጠላል። የመጨረሻውን የመጫኛ ቀን ከመንገዱ ሁኔታ ጋር አገናዝባችሁ ሰፋ አድርጉት።

መረከቢያው ከጅቡቲ መርከብ ይልቅ በኤፍሲኤ (ሻጩ ዕቃውን በተባለው ቦታ ገዥው ለመረጠው አጓጓዥ ሲያስረክብ ኃላፊነቱ የሚያበቃበት ቃል) ሞጆ ደረቅ ወደብ ቢሆንም ይመረጣል፤ ከሞጆ ወዲያ ያለው ሥጋት የገዥው ይሆናል። እንደ ኤፍሲኤ ያሉትን የመረከቢያ ቃላት የሚደነግገው ኢንኮተርምስ 2020 ተዋዋዮቹ ከተስማሙ ገዥው መርከብ ላይ መጫኑን የሚገልጽ ሰነድ ለሻጩ እንዲሰጥ አጓጓዡን እንዲያዝ ስለሚፈቅድ፣ ባንክ ዘንድ ሰነድ ጎደለ የሚባለው ችግር መፍትሔ አለው። ከቡሬ እስከ ሞጆ ያለው፣ ዓባይ በረሃን ጨምሮ፣ ግን አሁንም በእናንተ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጠበቃው የጻፉት የመንገድ አንቀጽ አይቀርም።

ጠያቂ (ቡሬ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ገዥው ሞጆን ተቀብሏል፣ የመንገዱን አንቀጽም «የሚታወቅ ቢሆንም እንኳ» ከሚለው ጋር ተቀብሏል፣ ቅጣቱም ከዋጋው ስድስት በመቶ እንዳይበልጥ ተስማምቷል። እምቢ ያለው ጭነት ላይ የሚደረገው ምርመራ የመጨረሻ ይሁን የሚለውን ነው። ሁለቱ ውጤቶች ቢለያዩ በሦስተኛው የታሸገ ናሙና ይዳኝ፣ ላቦራቶሪውም ከአሁኑ በስም ይጻፍ ብሏል። ናሙናው ማን ዘንድ ይቀመጥ?

ጠበቃ (ባሕር ዳር)

ከተቆጣጣሪው ድርጅት ዘንድ፤ ይህም በውሉ ላይ ይጻፍ። የምርመራውን ወጪ የተሸነፈው ወገን ይክፈል።

ላኪ (ደብረ ማርቆስ)

በጥሩ ሁኔታ ተደራድራችኋል። ከሦስቱ አንዱ እናንተ ዘንድ ስለሚቀር በላስቲክ አታስቀምጡት፤ እርጥበት ያፍናል። በወፍራም የወረቀት ከረጢት ይታሸግ፣ በማኅተሙ ላይ ቀኑና የኮንቴይነሩ ቁጥር ይጻፍበት፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ።