ባርኔጣ ያደረገችው የኩቢዝም ሴት፦ ፊቷ እንዴት ይነበባል?

የዘጌዋ፦ በፒካሶ «የምታለቅስ ሴት» (1937 እ.ኤ.አ.) አፍንጫዋ ከጎን ተስሎ ሁለቱም ዓይኖቿ ይታያሉ። በጣናው ገዳም በዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ግን ከጎን በአንድ ዓይን የሚሳለው ክፉው ነው። ይቺስ ክፉ ናት ማለት ነው?

ብሩሽ፦ አይደለም እህቴ፤ የገዳሞቻችን ሥርዓት እዚህ አይሠራም። የኩቢዝም ሠዓሊ ፊትን ከአንድ ቦታ ብቻ ስለማያይ ጎኑንና ፊት ለፊቱን ባንድ ሸራ ያጋጥማቸዋል። ከባርኔጣው ጀምሪ። ቀዩ ባርኔጣና ሰማያዊው አበባ ብዙም ስላልተሰባበሩ ጭንቅላቱ የት እንዳለ ያሳዩሻል። ቀጥሎ የአፍንጫውን መስመር በጣትሽ ተከተዪ፤ ከዚያ አንዱን ዓይን በወረቀት ሸፍነሽ እዪ፣ ደግሞ ሌላውን። ሁለቱ እይታዎች ይለያዩልሻል።

ጣና ዳር፦ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ አትፈልጊ፤ ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚያ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ ብርሃንና ጥላ አለው። ይልቅ ስብራቱ የት እንደበረታ እዪ፦ አፏና መሐረቧ ዙሪያ፣ ቢጫውና አረንጓዴው ቆመው ነጭና ሰማያዊ በሚሆኑበት። ሐዘኑ ያለው እዚያ ነው። ሥዕሉ የስፔኗ ከተማ ጌርኒካ በቦምብ በተደበደበችበት ዓመት የተሠራ ነው።

ብሩሽ፦ ልክ ነው። ከ1910 እስከ 1912 እ.ኤ.አ. በተሠሩት የኩቢዝም ሥዕሎች ላይ ግን ቀለሙ በአብዛኛው ቡናማና ግራጫ ስለሚሆን ባርኔጣውን በጎበጠ መስመሩ ነው የምታገኚው። በስልክ አይታይም፣ በትልቁ አሳትሚው።