«ሥራ ፈት እግር» ያለው ሰውዬ

ባለ ቪትዟ፦ ሰሞኑን አንድ መኪና መንዳት የሚያስተምር ሰውዬ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ «አውቶማቲክ የሚነዳ ሰው ፍሪሲዮን ስለማይረግጥ ግራ እግሩ ሥራ ፈት ነው፤ እኔ ሹፌር አልለውም» ሲል ሰማሁት። ደሜ ፈላ! ከቦሌ መገናኛ በዚያ ሁሉ መጨናነቅ መሐል ስሄድ፣ ሥራ የፈታው እግሬ ማንን በደለ?

የዲኤክስ ወዳጅ፦ ሰውየው ምን አጠፋ? ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ፣ ፊቱ ሚኒባስ ኋላው ሲኖትራክ ቆሞ፣ ፍሪሲዮንና ቤንዚን አመጣጥኖ ሳይንሸራተት የሚነሳ፣ እሱ ነው ሹፌር። እናንተማ ዲ ላይ አድርጋችሁ ስልክ ትነካካላችሁ።

ጋራዥ፦ «አመጣጥኖ» ያልካት ነገር ናት እኛን የምታበላን። የእጅ ፍሬን እያለለት መኪናውን ዳገት ላይ በፍሪሲዮን ይዞ የሚቆመው ስንቱ ነው! የፍሪሲዮኑ ሸራ ሲነድ ሽታው መስኮት ዘግተህም ይገባል። ማርሽ ካስገባ በኋላ እግሩን ፍሪሲዮን ላይ አሳርፎ የሚነዳው ደግሞ የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ ይጨርሳል። የአንዳንዱ ሰው ግራ እግር ሥራ ቢፈታ ይሻል ነበር።

የዲኤክስ ወዳጅ፦ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ሲበላሽ ስንት እንደምታስከፍላቸውም ንገራቸዋ።

ጋራዥ፦ ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረ ቶሎ አይበላሽም። ሰዉ የሞተሩን ዘይት ይቀይርና የካምቢዮው ትዝ አይለውም።

የዱባዩ፦ እዚህ ዱባይ እኮ ፈቃዱም ይለያያል። በአውቶማቲክ ፈቃድ ማንዋል መንዳት አይቻልም።

የዲኤክስ ወዳጅ፦ ይኸው! አረቡም ገብቶታል።

ባለ ቪትዟ፦ ምኑ ነው የገባው? ባልተፈተንክበት አትንዳ አለ እንጂ ሹፌር አይደለህም አላለም።

ቨርጂኒያ፦ እዚህ በአውቶማቲክ ተፈትነህ ፈቃድ ታወጣለህ፤ ማንዋል ትችላለህ ወይ የሚልህ የለም። አንድ ነገር ልጨምር። የባለቤቴ ወንድም ከአገር ቤት እንደመጣ መኪናዬን ሰጠሁት። ግራ እግሩ ፍሪሲዮን ፍለጋ ሄዶ ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠው። ቀበቶ ባናስር ግንባራችን መስታወት ላይ ነበር። ሥራ ያልፈታ ግራ እግር ማለት ይሄ ነው 😂

ባለ ቪትዟ፦ 😂😂 ለሬዲዮው ሰውዬ ይድረስ!

የዲኤክስ ወዳጅ፦ ከተማ ውስጥ ሳቁ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ስትወርዱ እንገናኛለን። ከፍታው ከ1000 ሜትር በላይ የሚወርድ ቁልቁለት ነው። እኔ ዜሮ ማርሽ አድርጌ፣ ነዳጅም ቆጥቤ ድልድዩ ጋ እጠብቃችኋለሁ።

የደጀን መስመር፦ ልጄ፣ በዜሮ ማርሽ ዓባይን ትወርዳለህ? መኪናውን የሚይዝልህ እኮ ሞተሩ ነው። ያለ ማርሽ ፍሬኑን ብቻ እየረገጥክ ስትወርድ ሸራው ይግላል። ከጋለ በኋላ ብትረግጠውም አይዝልህም። በዚህ መስመር ስንቱን ጭነት መኪና ገደል ውስጥ አይቻለሁ። ሁለተኛ አስገባና ውረድ።

ጋራዥ፦ ጋሼ ልክ ናቸው። ነዳጅ ቆጠብኩ የምትለውም ለአሁኖቹ ሞተሮች አይሠራም። ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ መስጫውን ከለቀቅከው ሞተሩ ቤንዚኑን ራሱ ይዘጋዋል። ዜሮ ላይ ግን እንዳይጠፋ ቤንዚን ይጠጣል። አውቶማቲክም ቢሆን ለቁልቁለት ኤል ወይም 2 የሚባል ዝቅተኛ ማርሽ አለው፤ የሚነካው የለም እንጂ።

የዲኤክስ ወዳጅ፦ የእኔ መኪና የድሮ ናት፣ ካርቡሬተር። ለእሷ ይሄ ሕግ አይሠራም።

የደጀን መስመር፦ ፍሬንዋም ካርቡሬተር ነው?

ባለ ቪትዟ፦ ጋሼ ኑሩልኝ!

ተመልካች፦ ለማንኛውም በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ኤሌክትሪኩ ፍሪሲዮን የለው፣ ማርሽ የለው። ነዳጅ መስጫውን ስትለቀው ራሱ ፍጥነት ይቀንሳል። ቀኝ እግርም ግማሽ ቀን ነው የሚሠራው።

የዲኤክስ ወዳጅ፦ በቻርጅ የሚሄድ ነገር ስልክ እንጂ መኪና አይባልም። ደግሞ ይሄን ክርክር ማን እንደጀመረው ይታወቃል። የሴት መኪና…

ባለ ቪትዟ፦ ጨርሰው እስቲ። የሴት መኪና ምን?

ቨርጂኒያ፦ ወንድሜ፣ እዚህ እኮ ወንዱም ሴቱም አውቶማቲክ ነው የሚነዳው።

የዲኤክስ ወዳጅ፦ ለዚያ ነው አገር ቤት ስትመጡ ሹፌር የምትከራዩት።

ባለ ቪትዟ፦ አልጨረስክልኝም። ይልቅ ዲኤክስህን ስንት ትሸጣታለህ?

የዲኤክስ ወዳጅ፦ አትሸጥም። በተለይ ለአውቶማቲክ ነጂ።